የአናጢው ግራ እጅ

ጓጉንቸሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ኢንስፔክተሯ ተሻግራው ገባችና መብራቱን አበራች። የዲዛይን ኮሌጁ ዕቃ ቤት እስከ ጣሪያው በካርቶን ማህደር ተሞልቷል። የተመራቂ ተማሪዎች ሥራ ነው፤ በምረቃው ቀን ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ እዚህ ገብቶ አቧራ ይጠጣል። በሩ አጠገብ ካሜራና ኮምፒዩተር ተቀምጠዋል። ሌባው ዞር ብሎም አላያቸው። ከመካከለኛው መደርደሪያ አንድ ማህደር ብቻ መዝዞ ሄዷል።

«የማን ሥራ ነው የጠፋው?» ስትል ጠየቀች።

የኮሌጁ ዲን በሩ ላይ እንደቆመ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የአንዲት ተማሪ ነው። አርፋለች። አምና፣ በተመረቀች በወሩ፣ መኪና ገጭቷት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቷ ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ማህደሩን አውጥተን ልናሳያቸው ቀጥረናቸው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ማጠፊያውን አገላብጣ አየችው። በብረት ተፈልቅቆ ነው፤ ሙያ የለበትም፣ ጉልበት ብቻ። ካሜራ ትቶ የሞተች ልጅ ሥዕል የሚወስድ ሌባ አጋጥሟት አያውቅም። ቢሆንም አልገረማትም። በዚህ ሥራ ብዙ የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው መገረምን ነው፤ ቀጥሎ ማዘንን ያጣል። እሷ ሁለቱንም ከሸኘች ቆይታለች።

አባትየው አናጢ ናቸው። አግዳሚው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል፤ የሸሚዛቸው ኪስ ሰጋቱራ ይዟል። አንድ ቀጭን ወጣት የሳቸውን ኮትና የውሃ ጠርሙስ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። «ልጄ ነው» ብለው አስተዋወቁት። እውነቱን በኋላ ሹክ ያላት ዲኑ ነው። ወጣቱ የሟቿ የክፍል ጓደኛና እጮኛ ነበር። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሙሽራው» እያለ ይጠራው ጀመር። ሠርጉ ሲቀር የድሮ ስሙን የሚመልስለት ደፋር ጠፋ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሙሽራው ነው።

አናጢው ነገሩን ሲናገሩ የጎረቤት ጉዳይ የሚያወሩ ይመስላሉ። ባለፈው ሳምንት ሳሙና ሊገዙ ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ሲያቀብላቸው ካርቶኑ ላይ የገዛ እጃቸውን አዩ። ይህን ብለው ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። የጠቋሚ ጣታቸውን ጫፍ ድሮ መጋዝ ወስዶታል፤ ከጣቱ ሥር እስከ አንጓው የሚወርድ ጠባሳም አለ። ከዚያ የሳሙናውን ካርቶን ከኪሳቸው አወጡ። አረፋ የነካው እጅ ተስሎበታል፤ ከጀርባው በኩል የሚታይ፣ ጠቋሚ ጣቱ ያጠረ፣ ጠባሳውም በቦታው ያለ።

«ልጄ ናት የሣለችው» አሉ። «ለመመረቂያዋ። ሻይ ስጠጣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ።»

የቀረውንም ነገሯት። ልጅቷ ሥዕሉን ለስላሳ ጎማ ላይ ቀርጻ፣ ጎማውን ቀለም ቀብታ፣ ወረቀት ላይ ተጭና ትልቅ ፖስተር አድርጋው ነበር። አናጢው ትናንት ከፖስተሩ ጋር የተነሡትን ፎቶ ይዘው ወደ ኮሌጁ መጡ። ዲኑ ግን ፎቶ ብቻውን አይበቃም፣ ማኅተም ያረፈበት ዋናው ሥራ ዕቃ ቤት አለ፣ ነገ ጠዋት መምህሯ ባለበት እናወጣዋለን አላቸው። ነገ ጠዋት ሲደርስ ዕቃ ቤቱ ቀድሞ ተከፍቶ ተገኘ።

«ምን እንዲደረግልዎ ነው የሚፈልጉት አባቴ?»

«ስሟ እንዲጻፍበት ነው። ጎኑ ላይ የተመረተበት ቀን የሚታተምባት ትንሽ ቦታ አለች። እዚያ ይበቃታል።»

«ማህደሩ ዛሬ እንደሚወጣ ለማን ለማን ነግረው ነበር?»

«ለማንም። ከዚህ ወጥቼ ቤቴ ነው የገባሁት።»

ሙሽራው የውሃውን ጠርሙስ ከፍቶ አቀበላቸው። አልጠጡም፤ ብቻ ያዙት።

ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁት ዲኑና መምህሩ ብቻ ሆኑ። ዲኑ ዕቃ ቤቱ በተሰበረበት ምሽት የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነበር። ምስክሮቹ ብዙ ናቸው፤ ለክብሩ አይመችም እንጂ አብዛኞቹ ሲጨፍር ያዩት ናቸው። ኢንስፔክተሯ ስሙን ሰርዛ ወደ መምህሩ ሄደች።

የኅትመት ክፍሉ ቀለምና ነዳጅ ይሸታል። ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው ጎማ ይፈለፍላሉ። መምህሩ ክፍሉ ጥግ ቆሞ እጁን ይታጠባል። ኢንስፔክተሯ አናጢው የሰጧትን ካርቶን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል ሌላ፣ ልክ እንደሱ ያለ፣ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አየች። አንሥታ ሰጠችው።

«ይህን እጅ ያውቁታል?»

መምህሩ አየው። ደግሞ አየው። ከዚያ እጁ እንደረጠበ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «የሷ ነው» አለ። «በየቀኑ ነው የምታጠብበት። አላየሁትም።»

«ላያዩት ይችላሉ። አይተው ዝም ሊሉም ይችላሉ። ለዲዛይን ቤቶች ሰው የሚመርጡላቸው እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«ተማሪ እልካለሁ። ሥራ አልላክሁም።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እውነቱን ልንገርዎትና ፊቷን እንኳ ማስታወስ አቅቶኛል። ብዙ ናቸው። ሥራዋን ግን አሁን ሳየው አስታወስኩ።»

በመናገሩ ያፈረ ሰው ነው የሚመስለው። ያን ምሽት የት እንደነበር ስትጠይቀው ሚስቱ ሆስፒታል እንደተኛችና እሱም ወንበር ላይ እንዳደረ ነገራት። በኋላ ሁለት ነርሶች አረጋገጡላት፤ አንደኛዋ እንዲያውም ማንኮራፋቱ በሽተኛ እንደቀሰቀሰ ሳትጠየቅ ጨምራለች።

ከመውጣቷ በፊት ጎማው እንዴት እንደሚታተም ጠየቀችው። መምህሩ የሚያውቀው ጉዳይ ሲመጣ ቀና አለ። ጎማው ላይ የተቀረጸ ነገር ወረቀት ላይ ሲጫን ይዞራል፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ ሥዕሉን አስቀድመው አዙረው እንዲቀርጹ ያስተምራቸዋል፤ ሁሉም ግን አንድ ቀን ይረሳሉ።

«እሷም ረስታ ነበር?»

«እኔ እንጃ። የአባቷን እጅ አይቼው አላውቅ፤ ግራ ይሁን ቀኝ በምን አውቃለሁ?»

የሳሙና ፋብሪካው ሥዕሉን ያገኘው ከአንድ የዲዛይን ቤት ነው። ቤቱ መስታወት በመስታወት ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነው። ባለቤቱ ደልደል ያለ፣ እጁን እያወናጨፈ የሚናገር ሰው ነው። ሥዕሉ የማን ነው ስትለው ለመመለስ አልዘገየም።

«የኔ ነው።»

«ራስዎ ነዎት የሣሉት?»

«እዚህ ቤት የሚወጣ ሁሉ የኔ ነው።»

ጣቱ ለምን አጠረ ብላ ጠየቀችው። ባለቤቱ ሥራ የበላው እጅ መሆኑን፣ ጥበብ ሁሉን ነገር እንደማያብራራ፣ ተመልካቹም ራሱ ማሰብ እንዳለበት አስረዳት። ሲጨርስ ግራ ነው ቀኝ አለችው። ካርቶኑን አየና ቀኝ እጁን አነሣ፤ አልገጠመም። ግራውን አነሣ። ማዳመጫ ያልሰኩት ሠራተኞች ዞር ብለው አዩት።

«ግራ» አለ። ወዲያው ነገሩ ትዝ ብሎት ይመስላል፣ ፋብሪካው ሥዕሉ እንዲዞር ጠይቆ እንደነበር ነገራት። ጣቶቹ ወደ ሳሙናው ስም እንዲያመለክቱ ፈልገው ነው። ለኮምፒዩተር ደግሞ የአፍታ ሥራ ነው። ነገር ግን ከልጆቹ አንዱ ድርቅ አለ፣ ከሚዞር ሥራውን ብለቅ ይሻለኛል አለ፤ ባለቤቱም ለዚህች ብሎ ነገር ማክረር አልፈለገም።

«የትኛው ልጅ?»

«ልጆች ናቸው እንግዲህ። የማይረባ ነገር ላይ ይደርቃሉ።» ከዚያ ወዲያ ስም አልወጣውም፤ ስም ቢጠራ ሥዕሉ የሱ መሆኑ ሊቀር ነው። ጓጉንቸሩ በተሰበረበት ቀን ደግሞ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስልክ ደውላ አጣራች፤ እውነት ነው። ቅር አላት፤ ሰውየው ሌባ ቢሆን ደስ ይላት ነበር።

ቢሮዋ ተመልሳ ካርቶኑንና ከአናጢው የተቀበለችውን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ፎቶው ውስጥ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ፖስተሩ ከኋላዋ ነው። አባቷ ከጎኗ ቆመው፣ አንሣ የተባሉ ይመስል፣ ግራ እጃቸውን ከፖስተሩ አጠገብ ከፍ አድርገዋል። ልጅቷ ለምን እንደምትስቅ ለማወቅ ኢንስፔክተሯ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። የራሷን እጅ ካርቶኑ ላይ ጫነችው፤ ግራዋ ገጠመ። ፎቶው ላይ ጫነችው፤ ግራዋ አልገጠመም። ፖስተሩ ላይ ያለው ቀኝ እጅ ነው። ልጅቷም እንደ ሁሉም አንድ ቀን ረስታ ነበር፤ የረሳችው በመመረቂያዋ ሆነ እንጂ።

የቀረው ሁሉ አንድ ነው። መቅረጫው አንጓው አጠገብ ስቶ የጫረው ቀጭን መስመር እንኳ ሁለቱም ላይ አለ። ስለዚህ ካርቶኑ የተሠራው ከፖስተሩ ተቀድቶ ነው፤ የቀዳው ሰው ግን አዙሮታል። ኮሌጁ ውስጥ ፖስተሩን ብቻ ያየ ሰው ለምን ያዞረዋል? ያ ሰው ይባስ ብሎ፣ እንዲዞር ሲጠየቅ ሥራዬን እለቃለሁ ብሏል። ይህን የሚያደርገው ትክክለኛውን እጅ የሚያውቅ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወደ እንጨት ቤቱ ሄደች። አናጢው የጠረጴዛ እግር በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ። ብቻቸውን ነበሩ። ሙሽራው ፈቃዱ አልቆ ሥራ መግባቱን ነገሯትና በርጩማ አራግፈው ሰጧት።

ፖስተሩ ላይ እጃቸው ዞሮ መውጣቱን ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አናጢው ሥራቸውን ሳያቆሙ አዎ አሉ። «ያን ቀን ነው ያየችው። እጅህን አንሣ አለችኝ፤ አነሣሁ። 'አባዬ፣ ደህናውን እጅህን ቆረጥኩት' ብላ ሳቀች። አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። አልደረሰላትም።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። የቤት ጨዋታ ነው።»

«ማህደሩ እንደሚወጣም ለማንም አልነገርኩም ብለውኛል።»

«አልነገርኩም።»

«ያን ዕለት ራትዎን ብቻዎን በሉ?»

«ብቻዬንማ አልበላም። እሷ ከሄደች ወዲህ ሙሽራው በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። እሱ ባይኖር ምግብም አልቀምስም። ያን ዕለትም እንደ ወትሯችን ተቀምጠን ነገ ማህደሩ ሊወጣ ነው ስል…»

እዚህ ላይ አፋቸው ቆመ፤ እጃቸው ግን አልቆመም። ወረቀቱ እንጨቱ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ኢንስፔክተሯ አላጣደፈቻቸውም። ዋሽተዋት አልነበረም። ለሰው አልነገሩም፤ የነገሩት ቤታቸው ውስጥ ለቤተሰባቸው ነው፣ ያንን ደግሞ መናገር ብሎ የሚቆጥር የለም።

«የት ነው የሚሠራው?» አለች በመጨረሻ።

የቤቱን ስም ነገሯት። ባዶውን ወንበር አስታወሰች። ስትወጣ አናጢው ያንኑ እግር ይፈትጉ ነበር፤ እንጨቱ ከለሰለሰ ቆይቷል።

ሙሽራው የመስኮቱ ወንበር ላይ ነበር። ስትገባ አያት፣ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ምንም ሳትጠይቀው የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። ማህደሩ በሴት ሻርፕ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፈታ አድርጋ አየችው፤ ማኅተሙ፣ ፖስተሩ፣ የተቀረጸው ጎማ፣ ሁሉም አለ። አንድ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም።

«ለምን አላጠፋኸውም?»

«ላቃጥለው ነበር የወሰድኩት። አቃተኝ።»

ጣቢያ ወስዳ አስቀመጠችው። ሳይለመን ተናገረ፤ ድምፁም እንደ አናጢው ድምፅ ነው፣ ከፍ ዝቅ አይልም። እሷ ከሞተች በኋላ መሥራት እንዳቃተው፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ እንደሚመለስ ነገራት። ባለቤቱ ለሳሙናው ሥዕል ስጠኝ ሲለው የሚሰጠው አልነበረም። የፖስተሯ ፎቶ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነበር። ለዛሬ ይህን ላሳይ፣ ነገ የራሴን እሠራለሁ ብሎ አሳየ። ወደዱት። ባለቤቱ የኔ ነው ብሎ ለፋብሪካው አቀረበው፤ ሙሽራው ዝም አለ።

«አባቷ ካርቶኑን ይዘው ሲመጡስ?»

«በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ራት እበላለሁ። ከነገርኳቸው መሄጃ የለኝም። እሳቸውም እንደዚያው ናቸው።» ጠረጴዛውን ያይ ነበር። «ማህደሩ ከሌለ ነገሩ ቀስ ብሎ የሚረሳ መሰለኝ።»

«መስጠትህ ካልቀረስ እንዳለ አትሰጠውም ነበር? ለምን አዞርከው?»

«ልታስተካክለው ፈልጋ ነበር። አስተካከልኩላት። ፋብሪካው ተመልሶ ይዙር ሲለኝ ግን እምቢ አልኩ። የሳቸው እጅ እንደዚያ አይደለም።»

ኢንስፔክተሯ እንዲህ ባለ ጊዜ ድሮ ይሰማት የነበረውን ነገር ጠበቀች። አልመጣም። ውሃ ልታመጣለት ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ አናጢው ተጠርተው መጡ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ኢንስፔክተሯ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው። ባለቤቱ አሁንም ሥዕሉ የኔ ነው ይላል። ይህን የሚያፈርሰው ማህደሩ ነው፤ ማህደሩ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ደግሞ የት እንደተገኘ መጻፍ አለበት። ከተጻፈ ልጁን መልቀቅ አይቻልም፤ ሰብሮ ገብቶ ሰርቋል፣ ይታሰራል። ሌላም መንገድ አለ። ኮሌጁ ስለ ጓጉንቸሩ አልከስም ብሏል፤ እሳቸውም ካልከሰሱ ማህደራቸውን ተቀብለው፣ ልጁንም ይዘው ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ። ካርቶኑ ግን እንዳለ ይቀራል።

አናጢው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ማህደሩን አስከፈቱና ፖስተሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ያዞረው እሱ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንዳየኝ ነው የሠራው» አሉ። እንባ አልወጣቸውም። ፊታቸው ያው ነው። «እወደዋለሁ እኮ። ሌላ ሰው የለኝም።»

«አውቃለሁ አባቴ። ዛሬ መወሰን የለብዎትም።»

«ነገ ምን ይለወጣል? እኔ ዝም ካልኩ ስሟን የሚያነሳላት የለም። እሱ መናገር ይችላል፤ እሷ አትችልም።»

ብዕሩን ተቀበሉ። የክሱን ወረቀት በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ቀስ ብለው ፈረሙ፤ ፊርማቸው ትልቅና ግልጽ ነው። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ሳበችና ማኅተም መታችበት። የሚሄዱ መስሏት ተነሣች። አናጢው ግን አልተነሡም።

«ልብስ የምትቀበሉት ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» አሏት።

«ጠዋት ነው።»

«እንግዲያው ጠዋት እመጣለሁ» አሉ። «ብርድ አይችልም።»